ሦስት ጊዜ በቃኝ

ከእንጦጦ ማርያም ዝቅ ብሎ፣ ወደ የካ በሚወርደው ተረተር ላይ፣ ውሽባ ቤት ነበረኝ። ዛሬ ልጆች «ውሽባ ደግሞ ምንድን ነው?» ይሉኛል። ድንጋይ ታግላለህ፣ ቅጠል የተቀቀለበት ውሃ ታፈስበታለህ፣ እንፋሎቱ ሲነሳ በሩን ዘግተህ ትቀመጥና ያልብሃል፤ ይኸው ነው። ይኸው ነው ስል ግን ቀላል ነው ማለቴ አይደለም። በዚያች ጎጆ ደጃፍ ላይ ሰው ስመክር፣ ስቆጣ፣ አንዳንዴም ስሳደብ ጉልምስናዬን ጨርሻለሁ። ከዚያ ሁሉ ዘመን ዛሬ ልጽፈው የተቀመጥኩት ግን የአንዲት ረቡዕ ጠዋት ነገር ነው።

ጊዜው ንጉሡ ከነሠራዊታቸው እንጦጦ ላይ የከተሙበት ነው። ያኔ ባሕር ዛፍ የሚባል ነገር አናውቅም ነበር። ጽዱና ወይራው ለማገዶና ለቤት እየተቆረጠ ተራራው ከዓመት ዓመት ይመለጣል። ሰው ከታች ያን የመሰለ ሜዳ እያለለት ለምን እዚያ ብርድ ላይ እንደሚሰፍር እስከ ዛሬ አልገባኝም። ለእኔ ግን ደግ ሆነልኝ። ነፋሱ አጥንት ይሰብራል፤ ክረምት ሲገባ ጭጋጉ እንደ ዘመድ ሳያንኳኳ ቤት ይገባል። ወገቡን የማያመው፣ ጉልበቱን የማይቆረጥመው ሰው በሰፈሩ አልነበረም። ወታደሩም፣ ቄሱም፣ የእልፍኝ አሽከሩም፣ ከየካና ከካራ ገብስና ቅቤ ይዞ የሚወጣው ገበሬም እኔ ደጅ ሳይደርስ አይቀርም።

ትልልቆቹ ሰዎች ደግሞ ፍል ውሃ መውረድ ጀምረው ነበር። ከተራራው ሥር፣ ሜዳው ላይ፣ ከመሬት እየፈላ የሚወጣ ውሃ አለ፤ እዚያ ድንኳን አስተክለው ይታጠባሉ። ውሃው ደግ ነው፣ አልዋሽም። ነገር ግን ታጥበው ሲያበቁ፣ ገላቸው እንደተከፈተ፣ ያንን ሁሉ ዳገት በነፋስ ይወጡታል። በሦስተኛው ቀን ጎናቸውን ይዘው እኔ ዘንድ ይመጣሉ። «ፍል ውሃው እንዴት ነበር፣ ጌታዬ?» እላለሁ፣ ሳቄን ውጬ።

ጎጆዋን ያሠራቻት እናቴ ናት። ከዓባይ ማዶ የመጣች ሴት ነበረች፤ ሙያውን ከዚያ ይዛው መጣች፣ መጀመሪያ አንኮበር፣ ኋላም ሰፈሩን ተከትላ እንጦጦ ላይ ሠራችበት። ጎጆዋ ትንሽ ክብ ናት፤ መስኮት የላትም፣ ግድግዳዋ በጭቃና በእበት የተመረገ ነው፣ በሯም በከብት ቁርበት ይጋረዳል። መሃሏ ላይ ጉድጓድ አለ። ድንጋዩን ውጭ እሳት ላይ አግለን በእርጥብ እንጨት እየያዝን ወደዚያ እንከታለን። የወንዝ ድንጋይ ግን አይሆንም። የወንዝ ድንጋይ በሆዱ ውሃ ስለሚቋጥር ሲግል ይፈነዳል። እናቴ ከቀኝ ዓይኗ ሥር ጠባሳ ነበራት፤ ስለ ወንዝ ድንጋይ ስትናገር በጣቷ ነካ ታደርገዋለች። ቅጠሉ ጦስኝ፣ ጤና አዳም፣ የወይራና የጽድ ቀንበጥ ነው።

ሕጌ ብዙ ነበር። እግሩን ያልታጠበ አይገባም። ነፍሰ ጡር አትገባም፤ ልቡ ያለ ምክንያት የሚደልቅበትም አይገባም። ድሪና አምባር ያደረገች አውልቃ ትገባለች፤ ብር ከድንጋዩ እኩል ይግላልና። ጥጋብም ራብም ደግ አይደለም፤ ቀለል ያለ በሶ ተበጥብጦ፣ ውሃም ተጠጥቶ ነው የሚገባው። ይህን ሁሉ ለእያንዳንዱ ሰው ደጃፍ ላይ ቆሜ እጠይቃለሁ፣ «ምን ቀመስክ? ውሃ ጠጣህ?» እያልኩ።

ጠጅ የጠጣን ሰው ከማስገባ ደግሞ ቤቷን ባፈርሳት ይሻለኛል። አንድ ቀን አንድ የጦር አለቃ ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቶ መጣ።

«ጠጅ ጠጥተዋል፣ ጌታዬ፤ ነገ ይምጡ» አልኩት።

«እኔን ማን ነው የሚከለክለኝ?»

«እኔማ ምን ቆርጦኝ! የሚከለክልዎ ልብዎ ነው። እዚያ ውስጥ ቢወድቁ የምጎትትዎ ደግሞ እኔ ነኝ፤ ክብደትዎን ይኸው እያየሁት ነው።»

አሽከሮቹ ሳቃቸውን ለመደበቅ ወደ ገደሉ ዞሩ። እሱም አፍጥጦ አየኝና መጨረሻ ላይ ራሱ ሳቀ፤ ደጃፌ ካለው ጽድ ሥር ተኝቶ ስካሩ ሲበርድለት ወደ ቤቱ ሄደ፣ በማግሥቱም ሰው ሆኖ መጣ።

ውስጥ የተቀመጠ ሰውም ሥርዓት አለው። ከጎኑ ሌላ ሰው ካለ ሳይጠይቅ ድንጋዩ ላይ ውሃ አይጨምርም፤ ለአንዱ ሙቀት የሆነው ለሌላው እሳት ሊሆን ይችላል። በበሩ በኩል ያለው ዝቅተኛ መደብ ለሽማግሌ ይለቀቃል፣ አየር የሚገኘው እዚያ ነው። የሰው ገላ አይታይም፣ የሰው ሕመም አይጠየቅም፣ እዚያ የተሰማ እዚያ ይቀራል። ይህችን የመጨረሻዋን እንኳ ማንም ጠብቆልኝ አያውቅም። ሲጨርሱ ዘለው አይነሱም፤ ወጥተው፣ ጋቢ ተከናንበው፣ ልብ እስኪመለስ ቁጭ ይላሉ።

ዋናዎቹ ግን ሁለት ቃላት ነበሩ። እኔ ከውጭ ሆኜ በየጊዜው «አለሽ?» እላለሁ፣ ውስጥ ያለችው «አለሁ» ትላለች። ስትጠግብ ደግሞ «በቃኝ» ትላለች፣ እኔም ቁርበቱን እገልጣለሁ። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። እኛ «በቃኝ» ማለት የተማርነው ማዕድ ላይ ነው። ማዕድ ላይ ደግሞ የመጀመሪያውን «በቃኝ» የሚያምን የለም፤ አምኖ ሌማቱን ያነሳ ሰው ይታማል። «በሞቴ!» ይባላል፣ «አፈር ስሆን!» ይባላል፣ እንግዳውም ይህን እስኪባል እየጠበቀ ነው። ሰዎቹ ይኸንኑ ልማድ ይዘው ውሽባ ይገቡብኛል። ገና አንድ ቅል ውሃ ሳፈስ «በቃኝ!» ይላሉ። አምኜ ባወጣቸው ይቀየማሉ፤ «ሳያልበኝ አባረረችኝ» እያሉ ሰፈር ለሰፈር ያሙኛል።

ስለዚህ እናቴ መላ አበጅታ ነበር። የመጀመሪያው በቃኝ የይሉኝታ ነው፣ ሁለተኛው የቆዳ ነው፣ ሦስተኛው የልብ ነው፤ በሦስተኛው ክፈቺ ትለኝ ነበር። በፊተኞቹ ሁለቱ ላይ «በሞቴ፣ ትንሽ ብቻ» ይባላል። እኔም ከእሷ ተቀብዬ እንደዚያው አደርግ ነበር። በእሷ ዘመንም በእኔም ዘመን ሰው አልሞተብንም፤ ስለዚህ መላው ትክክል ነው ብዬ አምን ነበር።

እንግዲህ ወደ ምራቴ ልምጣ። ያለኝ አንድ ወንድ ልጅ ብቻ ነው፤ አባቱ የሞተው እሱ ገና ሲድህ ነበር። ይህ ልጄ ከካራ በኩል ሚስት አገባ። ወላጆቿ ገበሬዎች ናቸው፤ በቤታቸው ኦሮምኛም አማርኛም ይነገራል። በሁለቱም ቋንቋ ግን ቃል ከአፏ የማይወጣ ልጅ ናት። «ምላሷን ካራ ረስታው መጣች እንዴ?» እያልኩ እቀልድባት ነበር፣ እየሰማች። እኔ ደግሞ ምላሴ ሳማ ነው፣ አውቀዋለሁ። ሥራዋ ንጹሕ ነበር፤ ነገር የሚፈልግ ሰው ግን አያጣም። ቅቤ ስትንጥ «በርታ በይ!» እላታለሁ፤ ስትበረታ «ቅሉን ልትሰብሪው ነው?» እላለሁ። እሷ «እሺ፣ እሜቴ» ብቻ ትላለች። እሺታዋ ራሱ ያናድደኛል።

ልጄ ለዘመቻ ሲወጣ እሷ ነፍሰ ጡር ነበረች። በቅሎውን ጭኖ ሲያበቃ ወደ ጓሮ ወሰደኝና «እማዬ፣ አደራሽን፣ ለስለስ በይላት» አለኝ።

«ምን አደረግኋት?»

«ምንም። አደራሽን ብቻ።»

በወጉ ለመጀመሪያ ልጇ እናቷ ቤት መውረድ ነበረባት። ግን ክረምቱ ወንዞቹን ሞላቸውና መንገዱ ተዘጋ፤ እኔው ቤት፣ በእኔው እጅ ወለደች። ሴት ልጅ። ስትወለድ እፍኝ የማትሞላ ነበረች፤ ሲርባት ግን ድምፅዋ ማርያም ደጅ ድረስ ይሰማል። በዚህ ወደ እኔ ሄዳለች። በየቀኑ በቅቤ የማሻት እኔ ነበርኩ፤ እውነቱን ለመናገር ከዚያች ልጅ መወለድ ወዲህ ጠዋት የምነሳው ለውሽባው ብዬ አልነበረም።

አንዲት ጎረቤት ነበረችኝ፣ በዕድሜ ትንሽ የምትበልጠኝ ባልቴት፤ ከእኔ ጋር የሚቀልድ ሰው እሷ ብቻ ናት። የሕፃኗም ክርስትና እናት እንድትሆን የጠየቅናት እሷን ነው። ክርስትናው ሳምንት ሲቀረው እንጨት ለቀማ አብረን ሄድንና መንገድ ላይ ቆመች።

«ሰማሽ? ክርስትናው በተነሳ ማግሥት የምራትሽ ወንድም በቅሎ ይዞ ይመጣል።»

«አውቃለሁ። እናቷን ልትጠይቅ ነው።»

«አጋሰስም ጨምረህ አምጣ ብላ ልካበታለች። እናቱን ሊጠይቅ የሚሄድ ሰው የዕቃ መጫኛ ምን ያደርግለታል?»

«ልትቀር ነው? ምን አድርጌያት?»

«ምንም አላደረግሻት። አንድ ቀን ‹ብዪ በሞቴ› ብለሻት ግን አታውቂም። ለመንገደኛው ሁሉ በሞቴ የምትይ ሴትዮ፣ እሷ በቃኝ ስትል ሌማቱን ብድግ ነው የምታደርጊው። እኔ እንኳ ስንት ጊዜ አይቻለሁ።»

እንጨቴን ተሸክሜ ቀድሜያት ተመለስኩ። ቤቴ ገብቼ ሳስበው እውነቷን ነው። በዓለም ላይ የመጀመሪያውን «በቃኝ» ያመንኩላት ሰው ብትኖር ይህች ልጅ ብቻ ናት። ልጄ ከዘመቻ ሲመለስ ባዶ ቤት ሲገባ ታየኝ፤ ሕፃኗም ካራ አድጋ፣ አንድ ቀን በገበያ ስታልፈኝ ሳታውቀኝ ታየኝ። ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ።

ይቅርታ መጠየቅ አላውቅበትም። ማንም አላስተማረኝም። የማውቀው ውሽባ ነው። ስለዚህ ለክርስትናው ዋዜማ፣ ከሰማንያው ቀን በፊት ገላዋ እንዲፍታታ፣ ለማንም ያልሠራሁትን ውሽባ ልሠራላት ቆረጥኩ።

ዋዜማው ረቡዕ ነበር፣ በጥቅምት፣ ሰማዩ የጠራ፣ ሣሩ ላይ አመዳይ ያለበት። ጦስኙን ከተራራው አናት ራሴ ለቀምኩት። ድንጋዮቹን አንድ በአንድ እያንኳኳሁ መረጥኩ፤ ስንጥቅ ያለበት ሲያንኳኩት ድምፁ ይደነቁራል። ለመጡት ሁሉ «ዛሬ ሰው አልቀበልም፣ የቤት እንግዳ አለብኝ» አልኩ። ጎረቤቴ ሕፃኗን ታቅፋ ፀሐይ ላይ ተቀመጠች።

«ግቢ፣ ልጄ» አልኳት ምራቴን።

ልጄ ብያት አላውቅም ነበር። ቀና ብላ አየችኝ፣ ነጠላዋን አስተካከለችና ገባች። እኔ በደስታዬ ተጠምጄ፣ ለእያንዳንዱ መንገደኛ የምጠይቀውን ሳልጠይቃት ቀረሁ። ምን ቀመስሽ፣ ውሃ ጠጣሽ አላልኳትም። የቤት ሰው ይጠየቃል እንዴ ብዬ ይሆናል።

የመጀመሪያውን ቅል አፈሰስኩ። «አለሽ?»

«አለሁ።»

ሁለተኛውን አፈሰስኩ። የጦስኙ ሽታ በቁርበቱ ጠርዝ እየሾለከ መጣ። ያንን የመሰለ እንፋሎት ሠርቼ አላውቅም፤ እኔው ራሴ መግባት አማረኝ። «አለሽ?»

«አለሁ» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ በቀጭኑ፣ «እሜቴ፣ በቃኝ» አለች።

ይህችን ነበር የምጠብቃት። ሳምንቱን ሙሉ በሆዴ ያጠራቀምኩት ሁሉ ባንዴ ወጣ። «በሞቴ!» አልኳት። «በሞቴ ልጄ፣ ትንሽ ብቻ! ላንቺ ብዬ እኮ ነው ያጋልኩት! አፈር ስሆን!» ጎረቤቴ ከወዲያ ሆና በእጅዋ አፏን ይዛ ትስቃለች፤ በመጨረሻ አፌ ተፈታ ብላ ነው።

ከዚያ «እሺ፣ እሜቴ» አለች።

ቁርበቱን በትንሹ ገለጥ አድርጌ ሦስተኛውን ቅል አፈሰስኩና መልሼ ዘጋሁ። አሁን ሁለተኛውን በቃኝ እጠብቃለሁ፤ የቆዳውን። «አለሽ?» ስል «አለሁ» አለች፣ ድምፅዋ ከወትሮው ዝግ ያለ ነው። እዚህ ላይ ነበር መንቃት የነበረብኝ። አለሁ የሚለው ቃል እኮ የሚያስተማምን ቃል አይደለም። አልጋ ላይ ያለ ሰውም እንዴት ነህ ሲሉት አለሁ ይላል። እኔ ግን ለጎረቤቴ «አየሽ? ጠንካራ ናት፣ ሁለተኛ እንኳ አላለችም» ብዬ ኮራሁባት።

ያን ጊዜ ሕፃኗ አለቀሰች። እንደ ልማዷ፣ ማርያም ደጅ በሚሰማ ድምፅ። ጎረቤቴ ብታባብላት፣ ብትወዘውዛት እምቢ አለች። ይህች ልጅ ስታለቅስ እናቷ ምንም ሥራ ላይ ብትሆን «መጣሁ» ሳትል ቀርታ አታውቅም፤ ለእኔ የማይወጣው ድምፅዋ ለልጇ ይወጣል። እኔና ጎረቤቴ እኩል ወደ ቁርበቱ ዞርን። ከውስጥ ምንም የለም።

«አለሽ?» አልኩ። «ልጄ፣ አለሽ?»

ቁርበቱን ከነመስቀያው ገንጥዬ ገባሁ። ከመደቡ ተንሸራታ ወደ ጉድጓዱ አጋድላለች፤ ግራ ክንዷ የድንጋዩን ጠርዝ ነክቷል። በብብቷ ይዤ ጎትቼ አወጣኋት። እንዴት እንዳወጣኋት አላውቅም፤ ያን የጦር አለቃ በክብደቱ የቀለድኩበት አፌ ይድረቅ። ጽዱ ጥላ ሥር አስተኛኋት፣ እግሯን በርጩማ ላይ ከፍ አድርጌ ጫንኩ። ነጠላዬን ምንጭ ውሃ ውስጥ እየነከርኩ አንገቷን፣ ብብቷን፣ ግንባሯን አበስኩ፣ በቀሚሴ ጫፍ አራገብኩላት። ጎረቤቴ ሕፃኗን እንደታቀፈች ማርያምን ትለምናለች። እኔ መለመን እንኳ አልቻልኩም፤ በጆሮዬ የሚመላለሰው «በሞቴ፣ በሞቴ» ያልኩት የራሴ ድምፅ ነው። ሌላ ሰው ሊሞት በራሴ ሞት የማልኩ ሴት!

ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም። ዓይኗን ገለጠች። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

«ሕፃኗስ?» አለች።

«ይኸውና፣ ይኸውና፣ ትሰሚያት የለ» አለች ጎረቤቴ፣ እያለቀሰች።

ውሃ ጨው ጣል አድርጌበት በትንሽ በትንሹ አጠጣኋት፤ ባንዴ ቢጠጡት ይመለሳል። የተቃጠለውን ክንዷን ረጅም ጊዜ ቀዝቃዛ ውሃ ሳፈስበት ቆየሁና ማር ቀባሁት። ስታገግም ቁጭ አደረግኋት፣ ጀርባዋን ደረቴ ላይ አስደገፍኩ። ከተጋባን ወዲህ፣ እንደ አማትና ምራት ማለቴ ነው፣ እንደዚያ ተጠጋግተን አናውቅም።

«ጠዋት ምን ቀምሰሽ ነበር?» አልኳት።

«ረቡዕ ነው እኮ፣ እሜቴ።»

የምታጠባ ሴት አትጾምም። ግን አንድ ቀን ለጎረቤቴ «በእኔ ቤት ረቡዕና ዓርብ የሚበላ የለም» ብዬ ስኮራ ሰምታኝ ኖሯል። ወተት የምትሰጥ ልጅ ውሃ እንኳ ሳትቀምስ እሳት ውስጥ አስገባኋት ማለት ነው።

«እሺ፣ ሲያቅትሽ ለምን ደግመሽ በቃኝ አላልሽም? ሁለተኛ ብትዪ፣ ሦስተኛ ብትዪ ከፍቼ አልነበረም?»

«ብዬ ነበር እኮ።»

«አንድ ጊዜ ብቻ!»

ፊቷን ሳታዞር፣ «በሞቴ አሉኝ» አለች። «እዚህ ቤት ከገባሁ በሞቴ ሲሉኝ የመጀመሪያዬ ነው። እንዴት ብዬ እምቢ እላለሁ?»

አለቀስኩ። አላፍርም፣ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። የእናቴ መላ በሆዴ ፈረሰ። ይሉኝታ እኮ ሦስቴ አይናገርም። ሦስቴ የሚናገረው ደፋሩ ነው፤ ዓይን አፋሩ አንድ ጊዜ ይናገርና ያልቅበታል። ያን ጊዜውኑ በጎረቤቴ ፊት ማልኩ፤ በዚህች ቤት ደጅ የመጀመሪያው በቃኝ በሩን ይከፍታል፣ ከእንግዲህም በዚህ ደጅ በሞቴ የሚል ቃል ከአፌ አይወጣም። እስከ መጨረሻውም ጠበቅኩት። ሰዎች ተቀየሙኝ፤ ያ የጦር አለቃ ሳይቀር «አንቺ ሴትዮ፣ አንድ ጊዜ እንኳ አትለምኝም?» ብሎ አኮረፈኝ። «ከቤቴ ይምጡ፣ እዚያ እለምንዎታለሁ» አልኩት።

በማግሥቱ ሐሙስ ሕፃኗ ክርስትና ተነሳች። ምራቴ ክንዷን በሻሽ ጠቅልላ ቆመች። ዓርብ ጠዋት ወንድሟ በቅሎውንና አጋሰሱን ይዞ መጣ፤ ጨዋ ልጅ ነው፣ እጅ ነስቶኝ ዕቃውን መጫን ጀመረ። እኔም አብሬ አሰርኩ። ሣጥኗን፣ አጎዛዋን፣ ልጄ ያስገዛላትን ቡሉኮ። ጦስኝ በትንሽ ቋጠሮ አድርጌ ጨመርኩላት። ምን አፍ አለኝ ብዬ አትሂጂ እላታለሁ? ልገድላት ተቃርቤ።

ሕፃኗን በአንቀልባ አዝላ በቅሎ ላይ ወጣች።

«እሜቴ፣ እንግዲህ ልሂድ» አለች።

አንድ ጊዜ ነው ያለችው። እኔም ተምሬያለሁ። የመጀመሪያውን ቃል አመንኩ። ቁርበቱን እንደምገልጥ ሁሉ ከመንገዱ ገለል አልኩ፣ «እሺ ልጄ፣ በሰላም ግቢ» አልኩ። እያየችኝ እንዳላለቅስ የበቅሎዋን ኮርቻ ማጥበቅ ያዝኩ።

ወንድሟ አጋሰሱን እየነዳ ቀደመ። በቅሎዋ ግን አልተንቀሳቀሰችም። ቀና ብል ልጓሙን ሳብ አድርጋ ይዛዋለች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል፤ ደግሞ የተቆጣች ትመስላለች። ስትቆጣ አይቻት አላውቅም ነበር።

«አንድ ጊዜ እንኳ አይሉኝም?» አለች።

«ምን ልበልሽ?»

«በሞቴ።»

«ልጄ፣ ከትናንት ወዲያ በዚሁ ቃል ልገድልሽ አልነበረም?»

«እሱ ውሽባ ነው፣ ይህ ደጅዎ ነው» አለች። «በቃኝ ያልኩት እኮ ሙቀቱን ነው።»

በቅሎዋን አንገቷን ይዤ ቆምኩ። ጎረቤቴ ከአጥሯ ማዶ አንገቷን አስግጋለች፤ ወንድምየው ቁልቁለቱ ላይ ቆሞ ወደ ኋላ ያየናል።

«በሞቴ» አልኳት። «በሞቴ አትሂጂብኝ።»

እንደ ወጉ አንዴ እምቢ፣ ሁለቴ እምቢ ትላለች ብዬ፣ የሚቀጥሉትን ሁለቱን በሞቴ አፌ ላይ አዘጋጅቻለሁ። እሷ ግን ልጓሙን ለቀቀች፣ ሕፃኗን በአንድ እጇ ደግፋ፣ በተጠቀለለው ክንዷ ትከሻዬን ይዛ፣ በመጀመሪያው ወረደች።